ከጀርባዬ የነበረው ድምፅ

የአባቴን የጊታር አምፕሊፋየር ከእንግዲህ ይዤ እንዳልመጣ የነገረኝ የባንዳችን ዘፋኝ ነው። ጎንደር ፒያሳ ካለው ሆቴል ግቢ ውስጥ ገመድ እየጠቀለልን ነበር። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«አትቀየሚኝ» አለ። «ያንቺ ድምፅ ሲበዛ እኔ ራሴን አልሰማም። ሲቀንስ ደግሞ ጊታሩ የታመመ ሰው ይመስላል። ሁሉም በዲጂታል እየተጫወተ ነው። አንቺ ምን ትጠብቂያለሽ?»

እውነቱን ነው። አምፑ የሚሠራው ውስጡ ባሉት አራት የመስታወት አምፖሎች ነው። አምፖሎቹ ሞቀው ድምፁ የሚያምረው ጮክ ሲል ብቻ ነው። ጮክ ሲል ደግሞ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ በሩ ላይ ቆሞ እጁን ወደ መሬት፣ ወደ መሬት ይላል። ከአዘዞ ፒያሳ ድረስ በባጃጅ የማመጣው ከጎኔ አስቀምጬ፣ በሁለት እጄ አቅፌ ነው። ባጃጁ በነጠረ ቁጥር የሆነ ነገር ሲንቀጨቀጭ እሰማለሁ፤ እስክንደርስ ድረስ ልቤ አያርፍም።

በዚያው ሳምንት መብራት ሄደ፤ ሲመለስ ኃይሉ በዝቶ መጣ። አንዱ አምፖል ሰማያዊ ብልጭታ አሳይቶ ጨለመ። አባቴ ድሮ እንዲህ ሲሆን ከአሮጌ ራዲዮ ፈትቶ ይተካ ነበር። አሁን አሮጌ ራዲዮ ራሱ ከገበያ ጠፍቷል።

አባቴ በወጣትነቱ የክፍለ ሀገር የኪነት ቡድን ጊታሪስት ነበር። ቡድኑ ሲበተን ዕቃውን ተካፈሉ፤ ለእሱ አምፑ ደረሰው። ጊታር ያስተማረኝ እሱ ነው። ቀን ቀን ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ሆቴልና ሠርግ ላይ እጫወታለሁ። እስከዚያች ሳምንት ድረስ ከዚያ አምፕ በቀር በሌላ ተጫውቼ አላውቅም።

ዲጂታሉን አዲስ አበባ ያለች የዱሮ የክፍል ጓደኛዬ ገዝታ ላከችልኝ። ወፍራም መዝገብ የሚያህል ጠፍጣፋ የብረት ሳጥን ነው፤ በእግር የሚረገጡ ቁልፎች አሉት። ከመቶ በላይ የሚሆኑ አምፖች ድምፅ ተመስሎ ውስጡ ተቀምጧል። ጊታሩን በአንድ በኩል፣ ማዳመጫውን በሌላ በኩል ሰክቼ ክፍሌን ዘጋሁ። ለአባቴ አልነገርኩትም። ደጋግሜ ልነግረው ተነሳሁ፤ ሳሎን ስገባ አምፑን አቧራውን ሲወለውለው አገኘዋለሁ፤ እመለሳለሁ።

እረፍት ያጣሁት ከዚያ ወዲህ ነው። የአባቴ አምፕ ድምፅ ከሚጨምረውና ከሚቀንሰው ሌላ ሦስት ማስተካከያ ብቻ ነው ያለው፤ እነሱንም ከጀማሪነቴ ጀምሮ ነክቻቸው አላውቅም፤ እሱ የተወበት ቦታ ላይ ናቸው። ይኼኛው ግን ማለቂያ የለውም። አንዱን ድምፅ አግኝቼ ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ «ቀጣዩ ቢሻልስ?» እላለሁ። ማክሰኞ የወደድኩትን ረቡዕ ጠላሁት። የተማሪዎቼን ፈተና ሳርም የግራ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ቁልፍ ይፈልጋል። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ መሃል ላይ ቆሜ አስባለሁ፤ ልጆቹ ይተያያሉ። ከባንዱም ፈቃድ ወስጄ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ዘፈን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልተጫወትኩም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አባቴ በሩን ገፋ አድርጎ ገባና አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ጊታር ተውሽ እንዴ?»

«ኧረ አልተውኩም፣ አባዬ።»

«መስኮትሽ ሥር ስቀመጥ ጣ፣ ጣ የሚል የክር ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው። እናትሽን ጠየቅኋት፤ እሷም አልሰማችም። ከባንዱ አስወጥተዋት ደብቃን ይሆናል ብዬ ስጨነቅ ነው የሰነበትኩት።»

አፈርኩ። ሳጥኑን አንስቼ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። መነጽሩን አድርጎ ገልብጦ አየው።

«አምፖሉ የት ነው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ምኑ ነው የሚሞቀው?»

«ምኑም።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ጊታሩን እንድሰጠው እጁን ዘረጋ፤ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋሁለት። ቀኝ ጆሮው ከቡድኑ ዘመን ጀምሮ ደክሟል። ዓመታት ሙሉ አምፑን ከኋላው በቀኙ በኩል አድርጎ ነው የተጫወተው። በባቲ ቅኝት ትንሽ ደረደረ፤ ጣቶቹ ቢዘገዩም አልተሳሳቱም። «ድምፁን ጠቆር፣ ወፈር አድርጊው» አለኝ። አደረግኩ። «በዛ። ትንሽ መልሺው።» መለስኩ። «ሌላ የለውም?» እንዲህ እያልን ፀሐይዋ ከመስኮቱ ሸሸች። በመጨረሻ ማዳመጫውን አወለቀ።

«ሸጋ ነው» አለ። «ግን እዚህ፣ ራሴ ውስጥ ነው ያለው። ከኋላዬ አይመጣም።»

ስለ አሮጌው አምፕ አንድ ቃል አልተናገረም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር ላይ አምባ ጊዮርጊስ ከተማ ለሠርግ ተጠራን። ተዘግቶ የነበረው መንገድ ተከፍቷል በተባለበት ሰሞን ነው። አባቴ «እኔም እመጣለሁ» አለ፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ሳጥኑ ቦርሳዬ ውስጥ፣ እኔና አባቴ ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን፤ የማቅፈው ነገር ስላልነበረ እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ቸገረኝ።

ዳሱ ውስጥ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል። ጀነሬተሩ ከበስተጀርባ ይንደቀደቃል። ሳጥኑ በቀጥታ ከሚክሰሩ ጋር ተገናኘ፤ ድምፄ ከሁሉም ጋር ተደባልቆ ፊት ለፊት ካሉት ትልልቅ ስፒከሮች ወጣ። ዘፋኛችን አውራ ጣቱን አሳየኝ። ራሱን ሲሰማ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ይመስለኛል። እኔ ግን ጀርባዬ ባዶ ነበር። ሁለት ጊዜ ዞር ብዬ አየሁ፤ የዳሱ ሸራ ብቻ ነው ያለው።

ጭፈራው ሲደምቅ አንዱ ጨፋሪ የእኔን ሶኬት በእግሩ ነቀለው። ቶሎ መልሼ ሰካሁት፤ ሳጥኑ ግን እንደ ኮምፒውተር ጊዜ ወስዶ ነው የሚነሳው። ጊታሩን ይዤ እንደ እንግዳ ቆምኩ። አንድ ሽማግሌ አባቴን ሲጠይቁት ሰማሁ።

«አያ፣ ይች ልጅዎ ናት? ሸጋ አድርጋ ትጫወት አልነበር? ምነው አቆመች?»

የሳጥኑ መብራት እንደበራ ተቻኩዬ ክሩን መታሁት። የትኛው ቁጥር ላይ እንደተነሳ አላየሁም ነበር። የመጣው የእኔ ድምፅ ሳይሆን የመጀመሪያው ቁጥር ላይ ያለው፣ ለኃይለኛ ሮክ የተሠራው ነው። ዳሱን የሚሰነጥቅ ግሳት ወጣ። የጨፋሪዎቹ ትከሻ ባለበት ቆመ። ሙሽራዋ ሚዜዋን ያዘች። ዘፋኛችን መሃል ቃል ላይ ቀረ። እግሬ ትክክለኛውን ቁልፍ እስኪያገኝ ድረስ የተቆጠረው ጊዜ ዛሬም ይረዝምብኛል። ከበሮው መልሶ ያዘን፤ ጭፈራው ቀጠለ። አባቴን ለማየት ፈራሁ። ሳየው ግን በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እየሳቀ ነበር።

ወደ ጎንደር ስንመለስ ከሚኒባሱ ጥግ ሆኖ ነገረኝ። በኪነት ዘመን ሕዝብ ሳይገባ፣ አዳራሹ ባዶ እያለ፣ አምፑን እስከ መጨረሻው ከፍቶ እንዲህ ያስገሳው ነበር። አምፖሎቹ እየቀሉ፣ ወለሉ ከእግሩ ሥር እየተንቀጠቀጠ። አንድ ቀን ኃላፊው ደርሶበት ለአንድ ወር መድረክ ከለከለው። ከዚያ ወዲህ ሦስቱን ማስተካከያዎች ዝቅ አድርጎ ተዋቸው።

«እኔ ያንተ ድምፅ ያ መስሎኝ ነው የኖርኩት» አልኩት። «ያው ለስላሳው።»

«እሱ የተፈቀደልኝ ነው» አለ፤ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

አሁን ከትምህርት ቤት ስመለስ አብዛኛውን ጊዜ ሳጥኑ እሱ ጋ ነው። ማዳመጫውን ደፍቶ፣ ቁጥር አንድን ከፍቶ ይጫወታል። ዓለም እየተናጋ እንደሆነ ከፊቱ ይታያል፤ እናቴ ግን የምትሰማው ጣ፣ ጣ የሚለውን ብቻ ነው፤ «ሁለታችሁም አበዳችሁ» ትላለች። አምፑ ሳሎን ውስጥ አለ። አምፖል ከውጭ ይምጣለት ስል አባቴ «ምን ያስቸኩልሻል» ይለኛል፤ ለሳጥኑ ግን የሚቸኩለው እሱ ነው።

እኔ አልረጋሁም። ባንዱ ተስማምቶበታል፤ ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ መቆም ትቷል። ከመቶዎቹ ውስጥ አራት ድምፅ መርጬ፣ በሌሎቹ እንዳልታለል የድምፅ መምረጫው ማዞሪያ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩበት። አራት ቀን ቆየ። ሐሙስ ዕለት የሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ትምህርቴን ጨርሼ ወደ ቤት ሄድኩና ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ፕላስተሩን ላጥኩት።