የሳሙና ፋብሪካው ሙታን ሲጠሩ

ከሌጎስ ርቃ በምትገኘው በአባ ከተማ የድሮ የሳሙና ፋብሪካ ሠራተኞች አንድ ወግ አላቸው። የባለአክሲዮኖች ጉባኤ ሊከፈት ሲል፣ የሁሉም ታላቅ በመሆናቸው ደዴ፣ ማለትም ጋሼ፣ የሚባሉት ኤሪንዱ ተነሥተው የሞቱትን ባልደረቦች ስም በቃላቸው ይጠራሉ፤ የሟቹን አክሲዮን የያዘ ዘመድም «አለ» ብሎ ይመልስለታል። በአክብሮት ዳዳ የምትባለው ኦዪሪዲያ ለባሏ ለአኮማስ «አለ» የምትለው ደረቷን ነፍታ ነበር።

አኮማስ አክሲዮኑን የገዛው በጎረምሳነቱ፣ ከደመወዙ እያስቆረጠ ነው። ሊሞት ሲል እጇን ይዞ፣ «ገንዘብ ነው ብለሽ እንዳትሸጪው። አፋችን ነው» አላት። ጎረቤቶቿ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያሉ ቢያሾፉባትም ስቃ ታልፋቸዋለች እንጂ አልሸጠችም።

እውነትም አፍ ነበር፤ በጉባኤው እያንዳንዱ አክሲዮን አንድ ድምፅ ነው። ቺፍ ኡባኒ የሚባለው ባለሀብት የድርጅቱን ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ነው የጎደለው፤ ትንንሾቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲቆሙ ግን ይበልጡታል። ፋብሪካውን ዘግቼ መሬቱን ልሽጥ ባለ ቁጥር እምቢ ይሉታል፣ እሱም ምራቁን ውጦ ይቀመጣል። የዳዳ ሴት ልጅና አማቿ እዚያው ሳሙና ቆርጠው ነው የሚያድሩት።

አንድ ዓመት ሰውየው ሌላ ነገር ይዞ መጣ። መሸጥ የሚፈልግ ሰው ካለ ድርጅቱ ራሱ፣ በራሱ ካዝና አክሲዮኑን ይግዛውና ይሰርዘው፤ ማንም አይገደድም አለ። ይህ ያለ ትንንሾቹ ይሁንታ አያልፍምና ሁሉም ዞሮ ዳዳን አያት። ቃሏ ይሰማል።

ዳዳ ነገሩን ያሰበችው በገበታ መስላ ነው። ከገበታ የተነሣ ሰው ድርሻውን ለቀሪው ትቶ ይሄዳል አይደል?

«የቸገረው ይሽጥ፣ ይታከምበት» አለች። «የእኛ የቀሪዎቹ ድርሻ ይበረክታል እንጂ ምን እንሆናለን?»

እጇን አነሣች፤ ሌላውም እሷን አይቶ አነሣ። ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ድርሻዋስ በረከተ፣ ምን ዋጋ አለው! ቺፍ ኡባኒም ከገበታው አልተነሣም፤ አንዲት አክሲዮን አልሸጠም። ከመቶው አርባ ስድስቱ የእሱ ነበር። ድሆቹ አሥራ አምስቱን ሸጠው ሲሄዱ ሰማንያ አምስት ቀረ፣ ከዚያም ላይ አርባ ስድስቱ ያው የእሱ ነው። ከኪሱ አንድ ናይራ ሳያወጣ፣ በእነሱው ገንዘብ ጭምር፣ ከግማሽ አለፈ። ዳዳ ይህ የገባት በሚቀጥለው ጉባኤ ነው።

በዚያ ጉባኤ ደዴ ኤሪንዱ እንደ ወጉ መጥራት ጀመሩ። ንዋቹኩ አሉ፣ ዝም። ኢሄኬሬ አሉ፣ ዝም። አክሲዮናቸው ተሸጦ ማን ይመልስላቸው? ሽማግሌው ግን ከእያንዳንዱ ስም በኋላ ይጠብቁ ነበር። ዳዳ ባዶ ወንበሮቹ ላይ ሰው የተቀመጠ፣ ሁሉም እሷን የሚያይ መሰላት። የአኮማስ ተራ ሲደርስ «አለ» ያለችው አንገቷን ደፍታ ነው።

ከዚያ ፋብሪካው ይዘጋ የሚል ሐሳብ ቀረበ። ትንንሾቹ አንድ ሳይቀሩ ተቃወሙ። ቺፍ ኡባኒ ብቻውን ደገፈ፣ አለቀ።

ፋብሪካው ተዘጋ። የዳዳ ልጅና አማቿ ሥራ ፍለጋ ሌጎስ ገቡ። የፋብሪካው ጡሩምባ ከቆመ ወዲህ እሷ ጠዋት ጠዋት ከደጅ የአኮማስን የሥራ ጫማ ኮቴ ትሰማለች። በሩን አትከፍትም፤ ትፈራዋለች።

በዓመቱ ከጥቂት ቀሪዎች ጋር ለጉባኤ ተቀመጠች። ደዴ ኤሪንዱ ተነሥተው ጠሩ፣ ጠሩና አኮማስ ጋ ደረሱ። ዳዳ መልስ አልሰጠችም። ያልሰማች መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ደገሙት።

«አይጥሩት፣ ደዴ» አለች ቀና ሳትል። «ከመጣ አፋችንን ምን አደረግሽው ብሎ ይጠይቀኛል።»