ድራይቨሩ የተጋጨ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሰናይት ለበዓል ከአዳማ መጥታ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ እኔ አጠገቧ ምስር እለቅማለሁ። ድንገት «ኡፍ፣ ድራይቨሩ ደግሞ ተጋጨ» አለች። ለራሷ ነው ያለችው። የኔ እጅ ግን ሰፌዱ ላይ ቀረ። ቀና ብዬ ባሌን አየሁት። አለ። መነጽሩ አፍንጫው ላይ ወርዶ ወንበሩ ላይ ያንቀላፋል። እሱን ካየሁ በኋላ ነው የተነፈስኩት።

ዛሬ ሃምሳ ዓመት አልፎኛል። ያን ጊዜ ሠላሳ አራት ነበርኩ፣ ሰናይት አሥራ ሰባት። ቶሎ ስለተዳርኩ ልጅነቴን የጨረስኩት ከልጄ ጋር ነው ማለት ይቻላል። ሐረር ውስጥ ፈላና በር አጠገብ ተከራይተን እንኖር ነበር። ባሌ ተሾመ በድሬዳዋና በሐረር መካከል ዕቃ የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሲመለስ ፓፓያና ሎሚ ይዞ ይመጣል፤ አንድ ቀን ግን በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ያገለገለ ኮምፒውተር ይዞ ገባ። ሰናይት የቤት ፕላን መሥራት ትወድ ነበርና ለሷ ነው። ሥዕሉ ሲከብደው ደግሞ ግራፊክስ ካርድ የሚሉትን፣ ሥዕል አጥርቶ የሚያሳየውን ዕቃ፣ አስጨመረላት።

ካርዱ ከገባ ጀምሮ ኮምፒውተሩ ሰላም አጣ። ስክሪኑ አንዴ ይርገበገባል፣ አንዴ አረንጓዴና ሐምራዊ መስመር ከላይ እስከ ታች ይወርድበታል። ልጄ ትበሳጫለች። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በር ላይ ቆሜ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር። ጠዋት ፀሐይ የመታው የሐረሪ ሴቶች ሻሽ ይመስለኝ ነበር።

ፍልሰታ ገብቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ ወጥቼ ከሶፊ ገጠር ከመጡት ሴቶች እሸት በቆሎ ገዝቼ ተመለስኩ። ሰናይት የቤቱን ስልክ ይዛ ጀርባዋን ሰጥታኛለች።

«ድራይቨሩ ተጋጭቷል» ስትል ሰማሁ። «አዎ፣ ከአሮጌው ጋር። ሁለት ጊዜ አስነሳሁት፣ አልነሳ አለ። ጨልሟል በቃ።» ትንሽ አዳመጠችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እማዬ እንዳትሰማ፤ ትደነግጣለች» አለች።

እኔ ትምህርቴን ሦስተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። እንግሊዝኛ አላውቅም። አንዲት ቃል ግን አውቃለሁ። ተሾመ መንጃ ፈቃዱን ያወጣ ዕለት ጽሑፉን በጣቱ እያሳየኝ፣ ይሄ ምን ይላል ብሎ ጠየቀኝ። ቀና ብዬ ሳየው ደረቱን ነካና «ድራይቨር ይላል። ድራይቨር ማለት እኔ ነኝ» አለኝ።

ለምን ልጅሽን አልጠየቅሻትም የሚሉኝ አሉ። መርዶ በኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር የረሱ ናቸው። መጀመሪያ ከባለቤቱ ይደበቃል። ዘመድ በየጥጉ ይንሾካሾካል፣ ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል። «እማዬ እንዳትሰማ» ማለት ለኔ አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው። ደግሞም ካልጠየቅኩ አልተነገረኝም፤ ካልተነገረኝ ተሾመ ገና አለ። በቆሎውን ደጃፍ ላይ አስቀምጬ ቀስ ብዬ ወጣሁ።

ያን መንገድ የሄድኩት በእግሬ አይመስለኝም። ጀጎል ከዝናብ በኋላ ሌላ ከተማ ነው። ግንቡ ላይ የተቀባው ኖራ ዝናቡን ይጠጣና ሰማያዊው ወደ ውኃ፣ ሮዙ ወደ ኮክ ልጣጭ ይሄዳል። የጠባቡ መንገድ ድንጋይ ያበራል። ሰላም የሚለኝን ሁሉ አላየሁም ብዬ አልፋለሁ። አንዱ ሞቅ አድርጎ ሰላም ካለኝ፣ ሰምቷል እላለሁ። ሌላው ፊቱን ካዞረ ደግሞ፣ እሱም ሰምቷል።

ጊደር መጋላ ገበያ፣ እማማ ዘይነባ ሱቅ ደረስኩ። ተሾመ ቅመማቸውን ከድሬዳዋ የሚያመጣላቸው እሳቸው ናቸው፤ ወሬ ካለ መጀመሪያ የሚደርሰው እሳቸው ዘንድ ነው። ፊታቸውን ብቻ አይቼ ልመለስ ብዬ ነበር። እርድ እየሰፈሩ ሳለ አዩኝና መስፈሪያውን አስቀመጡ። ከላይ እስከ ታች ተመለከቱኝ። ከዚያ በርጩማ ሳቡልኝ።

«ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉኝ።

መርዶ የሚነግር ሰው አስቀድሞ መቀመጫ ነው የሚሰጠው። አልቀመጥም አልኳቸው። «ያ አላህ፣ ምን ሆነሻል? ጫማሽን እኮ…» ሲሉ ሳልሰማቸው ሸሸሁ። የእርዱ ሽታ ከኋላዬ እንደ ጭስ ተከተለኝ።

ከድሬዳዋ የሚመጣው መንገድ ዳር ወጥቼ ቆምኩ። የደንገጎ ዳገት ጉም እስከዚያ ድረስ የወረደ ይመስል ነበር። መኪና ከጉሙ ሲወጣ ልቤ ይሮጣል፣ የሱ አይደለም፣ ይቀመጣል። አጎንብሼ እግሬን ሳይ የቀኙ ጫማ የኔ፣ የግራው የተሾመ ነጠላ ጫማ ነው። እማማ ዘይነባ ያዩት ይሄንን ኖሯል። ግራ እግሬን ግን ከመሬት ማንሳት አልቻልኩም። በሱ ጫማ እስከቆምኩ ድረስ አለ የሚል ነገር ያዘኝ።

ስንት መኪና እንዳለፈ አላውቅም። አንዱ መብራቱን ብልጭ አደረገና ፊቴ ቆመ። በሩ ተከፈተ፣ ተሾመ ፓፓያ እንደታቀፈ ወረደ። ሸሚዙን በሁለት እጄ ያዝኩት። የናፍጣና የሎሚ ሽታው እንዳለ ነበር።

«አስቴር፣ ምን ሆንሽ?»

«ተጋጭቷል ተባለ።»

«ማን ነው የተጋጨው?»

«ድራይቨሩ። ከአሮጌው ጋር።»

አሰበ፣ አሰበና «ከየቱ አሮጌ? ዛሬ ደንገጎ ላይ ከጉም በቀር ያገኘሁት የለም» አለኝ። ከዚያ ጫማዬን አየ። መሳቅ ጀምሮ ፊቴን ሲያይ ተወው። ፓፓያውን አስይዞኝ ጋቢናው ላይ አወጣኝ።

ቤት ስንደርስ ሰናይት ኮምፒውተሩ ፊት ነበረች። ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም ድራይቨር እንደሚባል፣ የድሮው ሳይጠፋ አዲሱ ስለተጫነ ሁለቱ እንደተጋጩ ያኔ ነገረችኝ። በስልክ ያነጋገረችው ባለሙያ እንደነገራት አሮጌውን አጥፍታ፣ አዲሱን ከሲዲው እየጫነች ነበር። የደበቀችኝ ኮምፒውተሩ ተበላሸ ብዬ እንዳላዝን ነው። ሦስታችንም ቆመን ጠበቅን። ስክሪኑ ጠፋ። ብዙ ቆየ። ከዚያ የሠራችው ቤት ከነመስኮቱ፣ ከነደረጃው ጥርት ብሎ ወጣ።

«እማዬ፣ ድራይቨሩ ገባ» አለች።

«ገብቷል» አላት አባቷ፣ ጫማውን ከግራ እግሬ ላይ እያወለቀ።

ባለፈው ሳምንትም ሰናይት እንደዚያው አሮጌውን አጥፍታ አዲሱን ጫነች፤ ምስሬን ለቅሜ ሳልጨርስ ስክሪኑ ጠራላት። ተሾመ መኪና መንዳት ካቆመ ቆይቷል። ደንገጎን የሚያየው አሁን በሕልሙ ነው፤ ሲያንቀላፋ ቀኝ እጁ ማርሽ ይቀይራል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አያለሁ። መንገድ ዳር አይደለሁም፣ ቤቴ ነኝ። እሱም ቤቱ ነው። ደህና ነን።