ሰይድ የቆመበት ጣቢያ

ከሐይቅ የወጣሁት ለውጥ መጣ ተብሎ ሰው ሁሉ በሚጨፍርበት ሰሞን፣ ገና ሳይነጋ ነው። አባቴ ሐይቁ ላይ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ሰው መሸኘት አይወድም። ያን ለት ግን ሻንጣዬን ተሸክሞ እስከ ሚኒባሱ መጣ።

«ጃፓኖች ዓሣን በጥሬው ይበላሉ አሉ። አንቺ ጠብሰሽ ብይ፣ ሐያቴ» አለኝ።

ሳቅሁ። ሚኒባሱ ወደ ደሴ ሲነሳ ሳቄ የት እንደገባ እንጃ።

እዚህ ቋንቋ እማራለሁ፤ ከዚያ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ያለ ምግብ ቤት ሳህን አጥባለሁ። ቤቴ ከጣቢያው ፊት ለፊት ካለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ጀርባ ነው፤ ኦተራ ይሉታል። መስኮቴ መቃብሩን ነው የሚያየው፣ ኪራዩም የረከሰው ለዚሁ ነው። አከራይዋ አሮጊት ቁልፍ ስትሰጠኝ፣

«የውጭ ሰው ይጮኻል ይባላል። ጎረቤት እንዳትረብሺ» አለችኝ።

«የትኛውን ጎረቤት?» ብዬ ወደ መቃብሩ አየሁ።

«በተለይ እነሱን» አለች፤ ፈገግ እንኳ አላለችም።

እናንተዬ፣ እዚህ አገር የሚደበቅ ነገር የለም! ባቡር ትንሽ ከዘገየ ድምፅ ማጉያው ምክንያቱን ዘርዝሮ ይቅርታ ይለምናል። እኛ ጋ መርዶ በስልክ አይነገርም። ያገር ልጅ ተፈልጎ፣ ሰው አስከትሎ ደጅህ ድረስ መጥቶ ነው የሚያረዳህ።

ጦርነቱ ሐይቅ ሲገባ ስልኩ ጭጭ አለ። እህል አልበላ፣ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። መስመሩ ሲመለስ እናቴ «አብሽሪ፣ ሁላችንም ደህና ነን፣ አልሃምዱሊላህ» አለች። አባባስ? «ሐይቁ ላይ ነው።» ሌላ ቀን «ሶላት ላይ ነው።» ሌላ ቀን ደግሞ «ውጫሌ ሄዷል።» ዓሣ አጥማጅ ውጫሌ ምን ይሠራል? ካሜራ ክፈቺ ስላት ኔትወርኩ አይችልም ትለኛለች። ስለ ትምህርቴ ጠይቃኝ የማታውቅ ሴት፣ በደወልኩ ቁጥር «ፈተናሽ መቼ ነው የሚያልቀው?» ማለት አመጣች።

ፈተናዬ አለቀ።

ከሐይቅ ልጆች እዚህ የማውቀው ሰይድን ብቻ ነው፤ ሌላ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል። ሳይደውል መጥቶ አያውቅም። እሁድ ከገበያ ስመለስ፣ ባቡሩ ጣቢያችን ሲቆም በመስኮት አየሁት። ከአንዲት ሐበሻ ሴት ጋር ኦተራው በር ላይ ቆሟል። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ይዟል።

የባቡሩ በር ተከፈተ። ከወረድኩ አባቴ ሞቷል። ካልወረድኩ ሐይቁ ላይ ነው። በሩ ተዘጋ።

ይሄ ባቡር ከተማውን ዞሮ እዚያው የሚመለስ ነው። ዞርኩ። ሰይድ አለ። ደግሜ ዞርኩ። ሴትዮዋ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ እሱ እንደቆመ ነው። ይደውላል፣ አላነሳም።

ባቡር ውስጥ ስልክ ማውራት እዚህ ነውር ነው። ነውሩስ ይሁን ብዬ እናቴ ጋ ደወልኩ።

«እማ፣ አባባ የት ነው?»

ከኋላዋ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማኛል።

«ሐይቁ ላይ ነው፣ ልጄ።»

አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ገላመጠኝ።

«እሺ። ሲመለስ፣ ሐያት ዓሣ የምትበላው ጠብሳ ነው በይልኝ።»

«እነግረዋለሁ» አለች።

ባቡሩ ጣቢያችን ደረሰ። ሰይድ አሁንም ቆሟል። አልወረድኩም።