የስቴፓን ኮከብ ጀርባ

ስለ ጋሼ ሸዋንዳኝ የምጽፈው ጎረቤታቸው ስለሆንኩ ነው። ጽሕፈት ላይ ብዙም አይደለሁም፤ የተሳሳትኩትን አንባቢ ያቃናልኝ።

ጋሼ የደብረ ብርሃን ሰው ናቸው። በደርግ ጊዜ ሶቭየት ኅብረት ሄደው የከባድ መኪና ጥገና ተማሩ። ሲመለሱ አርባ ምንጭ ተመደቡ፣ ጡረታም እዚሁ ወጡ። ሰፈራችን ሲቀላ ላይ ሰው ሲያገኛቸው «የራሺያ ጄኔራል!» እያለ ይቀልድባቸዋል። ለምን መሰላችሁ፣ የሶቭየት ወታደሮች ጀርመንን ሲዋጉ የተሸለሙትን ሜዳሊያ ይሰበስባሉ። እዚያ ተምሮ የመጣ ሰው ይዞ ከሆነ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ይገዙታል። ከሜዳሊያው ጋር የተሰጠው ደብተር ከሌለ ግን አይገዙም። ደብተሩ ላይ የወታደሩ ስምና ቁጥር አለ፤ ያው ቁጥር ሜዳሊያው ጀርባ ላይ ተቀርጿል። «ደብተር የሌለው ዝም ብሎ ብረት ነው፣ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?» ይላሉ።

ደብተር የሌለው አንድ ብቻ አላቸው፤ ቀይ ኮከብ። እሱ ደግሞ የሳቸው አይደለም፣ አደራ ነው።

ሮስቶቭ በምትባል የራሺያ ከተማ ሲማሩ የማደሪያቸው ዘበኛ ስቴፓን የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ታመው ሊሞቱ ሲሉ ኮከቡን አወጡና፣ «ልጄ ለመጠጥ ይሸጠዋል። አንተ ያዘው። የልጅ ልጄ ላሪሳ ስታድግ ስጣት» አሏቸው። ደብተሩ ልጃቸው ቤት ቀረ። ጋሼ አገር ገብተው ደብዳቤ ቢጽፉ ቢጽፉ መልስ የለም። ሕፃኗ ላሪሳ አሁን የልጆች እናት ሆናለች። ጋሼ ደግሞ የልብ ሕመምተኛ ናቸው። «ሳልሰጣት እንዳልሞት» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አምና ሲቀላ ስልክ የሚጠግነው ቴዎ በቴሌግራም ፈልጎ ላሪሳን አገኛት። ጋሼ በራሺያኛ ጻፉላት። እሷም፣ «ደብተሩ እኔ ጋ ነው። የኮከቡን ጀርባ ፎቶ ላኩልኝና ቁጥሩን ላስተያየው» አለች።

ጋሼ ከደስታ ብዛት ቤት ገብተው ለባለቤታቸው ለእትዬ ወርቅአፈራሁ የነገሯቸው ግማሹን ነው። «ጀርባውን ማየት ትፈልጋለች! ነገ ቴዎ መጥቶ ፎቶ ያነሳዋል» አሉ። ስለ ቁጥሩ አላነሱም።

በማግስቱ ጋሼ ቅዳሴ ሄዱ። እትዬ ኮከቡን አውጥተው ቢያዩት ጀርባው ጠቁሯል። «ሰው ሊያየው ነው፣ እንዲህ ቆሽሾ?» ብለው ብየዳ ቤት ወሰዱት፣ አሸናፊ ጋ። አሸናፊም በማሽን ሞረደው። «ቀዩን ፊቱን አልነካሁም እትዬ፣ ጀርባውን ብቻ ነው። መስታወት አደረግኩት!» አላቸው።

ጋሼ ከቴዎ ጋር ሲመጡ እትዬ በነጭ ጨርቅ ላይ አስቀምጠው ጠበቋቸው። ጋሼ አነሱት፣ ገለበጡት።

«አማረ አይደል?» አሉ እትዬ።

ጋሼ ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «አምሯል» አሉ።

ቴዎ ነው፣ ምን ያድርግ፣ «ጋሼ፣ ቁጥሩስ?» ብሎ የጠየቀው። እትዬ የዚያን ጊዜ ነው የገባቸው። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ፎቶው እንዳለ ተላከ። ቁጥሩን ጋሼ በቃላቸው ስለሚያውቁት ጻፉላት፣ የሆነውንም አስረዷት። መልሷን ወደ አማርኛ እየመለሱ አነበቡልን። «የተሸላሚዎች ቁጥር ኢንተርኔት ላይ አለ፣ ማንም ያነበዋል። በሞቱ ሰዎች ስም የሚያጭበረብሩ ብዙ አይቻለሁ። አያቴን ተዉልኝ።» ከዚያ መልእክት እንዳይልኩላት ዘጋቻቸው።

አሸናፊ ሰምቶ ሮጦ መጣ። እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ያዙት። «ጋሼ፣ ቁጥሩን ካወቁት እኔ መልሼ ልቅረጸው። ማን ያውቃል?» አላቸው።

«ልጄ፣ አጭበርባሪ ያለችኝ ሳታውቅ ነው። ያንን ካደረግን ግን እውነቷን ይሆናል» አሉት።

ባለፈው ሳምንት ቴዎ በሌላ ስልክ ሞከረላቸው። ያንንም ዘጋች። እትዬ አሁን ጋሼ ፊት ቀና ብለው አይናገሩም። ትናንት ምሳ አቅርበው፣ እኔም እዚያው ነበርኩ፣ ቀስ ብለው፣ «ኮከቡን ዝም ብለን በፖስታ ብንልክላትስ?» አሉ።

ጋሼ እንጀራውን ቆርሰው ያዙት እንጂ አልጎረሱም።

«አድራሻዋን መቼ ነገረችን፣ ወርቄ?» አሉ።