የአክስት ልጅ ሪፖርት

በአውቶቡስ ድርጅቱ ውስጥ ሁሉም እትዬ ዳታ ነበር የሚላት። የሾፌሩ፣ የመስመሩ፣ የእያንዳንዱ ጉዞ መረጃ የሚቀመጥበትን ዳታቤዝ የምታስተዳድረው እሷ ናት። ቢሮዋ ከጋራዡ በላይ ያለች፣ የናፍጣ ሽታ የማይለቃት ጠባብ ክፍል ነበረች። ስታዩአት ለስላሳ ትመስላለች፤ ቂሟን ግን ልክ እንደ ባክአፑ፣ እንደ ዳታቤዙ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ሁለት ቦታ ነው የምታስቀምጠው።

የአክስቷን ልጅ እዚያ ያስቀጠረችው ራሷ ናት። ተመርቆ ቤት መዋሉ እንቅልፍ ቢነሳቸው አክስቷ ለመኗት። ከጎኗ አስቀምጣ አስተማረችው። ሰንጠረዥ ላይ ያለ ነገር ከመቀየርህ በፊት በዚያው መስፈርት አንብበህ የሚወጣልህን እይ፣ የትኛው መዝገብ ብቻ እንደሚቀየር የምትወስነዋን «ዌር» የምትባል ቃል ከዘለልክ ትእዛዙ ሰንጠረዡን በሙሉ ይለውጥብሃል ትለው ነበር። እሺ ይላታል። ግን ጥድፊያ ያለበት ልጅ ነው።

አንድ ቀን እሷ ሐኪም ቤት ስትሄድ፣ አስቸኳይ ነገር ቢመጣ ብላ የይለፍ ቃሏን ሰጠችው። የአንድ ሾፌር አውቶቡስ እንዲቀየር ተጠየቀ፤ እሱም «ዌር»ን ዘለላት። በማግስቱ ጠዋት የድርጅቱ ሾፌሮች በሙሉ ለአንድ አውቶቡስ ተመድበው ግቢው ውስጥ ሲገፈታተሩ ተገኙ። ከተማው ፌርማታ ላይ ቆሞ ቀረ። እትዬ ዳታ ከባክአፑ አውጥታ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሁሉን ወደ ቦታው መለሰች። ሥራ አስኪያጁ ግን ጥፋተኛ ፈለጉ፤ ሲስተሙ ላይ ያለው ደግሞ የእሷ ስም ነው። የአክስቷን ልጅ ጠርተው ሲጠይቁት ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ሰሞኑን ሐሳቧ ተበትኗል፤ ደክሟት ይሆናል» አለ።

እሷን ከክፍል ኃላፊነቷ አወረዷት፣ ቦታውን ለእሱ ሰጡት። አክስቷ ደውለው፣ ያው ከቤተሰብ አልወጣም፣ እንኳን ደስ ያለሽ አሏት።

አላለቀሰችም፤ አቤትም አላለችም። የይለፍ ቃሏን በገዛ እጇ ሰጥታ ማን ይሰማታል? ከኃላፊነቷ ብትወርድም ዳታቤዙ በእጇ ነበርና፣ ያን ሳምንት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በየስሙ መግቢያ ከፈተች፣ ለማንም ከሥራው ያለፈ ፈቃድ አልሰጠችም። ከዚያ ቁጭ ብላ ጠበቀች።

እሱ በዚህ መሃል በወር መጨረሻው ሪፖርት ገነነ። የትኛው አውቶቡስ ስንቴ እንደወጣ፣ የትኛው መስመር እንደዘገየ የሚያሳይ ነው። ለመውጣት ሁለት ቀን ይፈጃል። በሩን ይዘጋል፤ ትኬት ክፍሎች ሲስተሙ ተንቀራፈፈ ብለው ሲያማርሩ፣ ሪፖርት ላይ ነኝ ይላቸዋል። ሥራ አስኪያጁ ሻይ ያስልኩለታል። ባልደረቦቹ «ሪፖርቱ» የሚል ስም አወጡለት፣ እሱም ወደደው።

እትዬ ዳታ ሪፖርቱ የሚወጣበትን ትእዛዝ ከፍታ ስታነብ ለብቻዋ ሳቀች። የሚያስፈልጉት ጥቂት ዓምዶች ሆነው ሳለ ሁሉንም ይጠራል። ይባስ ብሎ ለእያንዳንዱ አውቶቡስ የጉዞውን ሰንጠረዥ ከአናቱ እስከ ግርጌው እንደ አዲስ ያነባል። ማውጫ በሌለው ወፍራም መጽሐፍ አንድ ቃል ለማግኘት ገጽ በገጽ እንደመግለጥ ነው። መድኃኒቱ ኢንዴክስ የሚሉት ማውጫ ነው፤ የአንድ መስመር ሥራ። ልትነግረው ትችል ነበር። አልነገረችውም። ሲወድቅ እንዲያመው፣ ከፍ ብሎ እስኪወጣ ጠበቀችው።

ወጣም። በአንድ ስብሰባ ላይ ሪፖርቱ ስለከበደው አዲስ ማሽንና ሁለት ረዳት ይመደብልኝ አለ። እትዬ ዳታ ያን ጠዋት በአውቶቡስ ቁጥርና በቀን ኢንዴክስ ሠርታ፣ ትእዛዙን አሳጥራ ጽፋ ጨርሳ ነበር። እጇን አወጣች፣ ላፕቶፗን ወደ ሥራ አስኪያጁ አዞረች።

«እርስዎ ይጫኑት» አለች።

ተጫኑት። ጣታቸውን ሳያነሱ ያለፈው ወር ሪፖርት ወጣ። የአክስቷ ልጅ በሁለት ቀን ካወጣው ጋር አስተያይተው አንድ ሲሆንባቸው ወደ እሱ ቀና አሉ።

«ታዲያ አንተ ሁለት ቀን ሙሉ በር ዘግተህ ምን ስትሠራ ነው?»

ከስብሰባው ሲወጡ የአክስቷ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት።

«ይሄን ቀደም ብለሽ ልትሠሪው ትችይ ነበር።»

«እችል ነበር።»

«ለምን ቆየሽ ታዲያ?»

«ሐሳቤ ተበትኖ ነዋ» ብላው ደረጃውን ወረደች።

የሪፖርት ሥራ ሲቀር እሱም ትርፍ ሆነ፤ ወደ ጎማ መጋዘን አዛወሩት። ኃላፊነቷን መለሱላት። አክስቷ ደውለው ልጄን አዋረድሽው ብለው ተቆጡ። ሥራውን አቀለልኩለት እንጂ ምን አደረግሁት ብላ መለሰች፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ተቋረጠ። ከጊዜ በኋላ ይቆጨኛል ብላ ፈርታ ነበር። አልቆጫትም። ምሳዋን እንደዚያ ሰሞን ጣፍጧት በልታ አታውቅም።

መጋዘኑ ከዳታቤዙ ጋር ሲገናኝ ለአዲሱ የጎማ ሠራተኛ መግቢያ ይከፈትለት የሚል ጥያቄ ጠረጴዛዋ ላይ መጣ። የጎማውን ሰንጠረዥ ብቻ ከፈተችለት፤ ያውም ለማንበብ ብቻ። አንድ ጎማ ወጣ ብሎ ለማስመዝገብ ደረጃውን ወጥቶ፣ በሯን አንኳኩቶ፣ ቆሞ ይነግራታል። እሷም ቀና ሳትል ትጽፍለታለች።