አቮካዶው ሥር የቆመችው ሞተር

እኔ መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ እግሬ አያርፍም። የሻንቶ ገበያ ሲቆም ሻንቶ ነኝ፣ የዲምቱ ሲቆም ዲምቱ ነኝ፣ የምሸጠው ቢኖርም ባይኖርም። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ሰው መጥቶ «ሚስትህ አለች?» ሲለው፣ «መንገዱን ጠይቀው፣ እሱ ያውቃል» ይል ነበር። ይስቅ ነበር እንጂ አይቆጣም። ስመለስ ወሬ ይዤለት እንደምመጣ ያውቃላ።

እንዲህ ያለችውን ሴት ነው እንግዲህ ጉልበቷ የከዳት። በክረምት ከምንጭ ስመለስ ጭቃው አንሸራተተኝና ወደቅሁ። ልጄ መጥቶ ተሸክሞ ሶዶ ወሰደኝ፣ ኦቶና ሆስፒታል አካባቢ ወዳለው ቤቱ። ጥሩ ቤት ነው። ውኃው ግቢ ውስጥ ነው፣ መብራቱ ሲኖር ይበራል፣ መሀል ላይ ትልቅ አቮካዶ አለ። አጥሩ ብሎኬት፣ በሩ ብረት ነው። ስለዚያ በር ብዙ ማውራት እችላለሁ፤ ከሰው ፊት ይልቅ እሱን ነው ሳይ የከረምኩት።

መጀመሪያ ላይ አይቆለፍም ነበር። አንድ ቀን ጉልበቴ ለቀቅ ቢያደርገኝ በትሬን ይዤ ወጣሁ። እስከ አስፋልቱ ብቻ ብዬ ነበር። አስፋልቱ ጋ ስደርስ የሚኒባሱ ረዳት «ዲምቱ! ዲምቱ!» ይላል። እህቴ ዲምቱ ናት። ወንበር ነበረ፣ ገባሁ። ምን ላድርግ? ልጄ ከሥራ ሲመለስ ቤቱ ባዶ። ጎረቤቱን፣ ሐኪም ቤቱን፣ ቤተ ክርስቲያኑን ሁሉ አዳርሶ ሲፈልገኝ እኔ እህቴ ጋ ቁጭ ብዬ ጎደሬ በዳጣ እየበላሁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ ልጄ ወደ ቢሮው የልጅ ልጄ ወደ መድኃኒት ቤቷ ሲወጡ በሩ ከውጭ ይቆለፋል። ምራቴ ሥራዋ ሐዋሳ ስለሆነ የምትመጣው አልፎ አልፎ ነው። «ለአንቺው ብዬ ነው እማዬ» ይለኛል ልጄ። ለእኔው መሆኑን አውቃለሁ። ክፉ ልጅ አይደለም። ግን ቁልፉ ሲዞር የሚሰማው ድምፅ ቀጥታ ደረቴ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ ቀኑ ሙሉ የእኔና የበሩ ነው።

ይሄንንም እችለው ነበር፣ እንሰቴ ባይሆን።

የራሴ ቤት ከሻንቶ ወደ ላይ ነው። ጓሮው እንሰት ነው፣ ባለቤቴ በሞተ ዓመት በእጄ የተከልኩት። እኛ ጋ እንሰት የሴት ነው። የትኛው እንደደረሰ የምትለየው የቤቱ ሴት ናት። እሷ መጥታ ቢላዋዋን ሳታሳርፍበት ጎረቤት አይነካውም፣ ወንድማ ሲፋቅ አጠገቡም አይደርስ። እንሰት ደግሞ ሰው አይጠብቅም። ስንት ዓመት ያጠራቀመውን ሁሉ አበባ ሲያወጣ ይጨርሰዋል። ካበበ በኋላ ብትፍቂው የምታገኚው ክር ነው፤ ቆጮም የለ፣ ቡላም የለ።

ጎረቤቴ ደወለች። «አንዱ አንገቱን አውጥቷል፣ ሌሎቹም ሊከተሉት ነው። ኧረ ነይ!»

«ቁረጡታ» አልኳት።

«አንቺ ሳትመጪ? እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላደርግም። ሰው ምን ይለኛል?»

ለልጄ ነገርኩት። «እሺ እማዬ፣ እሁድ» አለ። እሁድ ሲመጣ ዝናብ። የሚቀጥለው እሁድ ሲመጣ ለቅሶ። ከዚያ ስብሰባ። እስከ ሻንቶ ሚኒባስ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዳገት ግን ባጃጁም አይደፍረው፣ የእኔም ጉልበት። ሞተር ነው የሚያወጣው። የልጄን ሞተር ደግሞ ጠዋት እሱ ይዟት ለሥራ ወደ ገጠር ቀበሌ ይሄዳል፣ ሲመሽ ጭቃ በጭቃ ሆነው ይመለሳሉ፣ ሁለቱም ደክሟቸው።

«ሁለተኛ ሞተር እንግዛ» አለች የልጅ ልጄ አንድ ቀን።

«ሁለተኛ?» አለ አባቷ። «አንዷን ቤንዚን ማጠጣት አቅቶኝ!»

«አሮጌ ነዋ አባዬ። በስልክ ሞልቷል። አያቴን እኔ አደርሳታለሁ።»

«አንቺ?»

«ማን ነው መንዳት ያስተማረኝ?»

 እሱ ነው ያስተማራት፣ እናቷ ሳታውቅ።

እንዲህ ሆኖ ነው እኔ በስልክ ገበያ የወጣሁት። እግር ሳያነሱ ገበያ! የልጅ ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ በጣቷ ገፋ ስታደርግ አንዷ ሞተር ትሄዳለች፣ ሌላዋ ትመጣለች። እኔ ስለ ሞተር የማውቀው የለም። ከብት ግን አውቃለሁ፤ ላምም በሬም ስገዛና ስሸጥ ነው ያረጀሁት።

«ይቺ አትሆንም» አልኩ። «ታጥባ ነው የወጣች። ሊሸጥ የወጣ በሬ ነው እንደዚህ የሚታጠበው። የሚደብቁት ቁስል አለ።»

«ቀለሟ አዲስ ሆኖ ነው አያቴ።»

«እኮ። ለምን አዲስ ቀለም አስፈለጋት?»

ሳቀች። «ጥርሷንስ ላሳይሽ?»

የወደድኳት ቀይ የነበረች፣ አሁን የሸክላ መልክ የያዘች የድሮ ጃፓን ሞተር ናት። ወንበሯ በማዳበሪያ ክር ተሰፍቷል። ግን ቀጥ ብላ ቆማለች። ልጄም ደጋግሞ አያትና «ይቺ እንኳ ዕቃዋ የድሮ ነው፣ ዳገት ትወጣለች» አለ። ሻጩ ዲምቱ ነው። ደወልንለት፣ ስልኩን እኔ ያዝኩት።

«ለምንድን ነው የምትሸጣት?»

«ወገቤ ነው እናቴ። ሐኪሙ ሞተር ተው አለኝ።»

«እስቲ አስነሳትና ድምጿን አሰማኝ።»

ሳል ሳል አደረጋት፣ ቆመች። እንደገና መታት። ከዚያ ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ ትል ጀመር። ሳይቆራረጥ፣ ሳይቸኩል። «ትሁን» አልኩ። ልጄ ክፍያውን በስልክ ላከ።

በሦስተኛው ቀን በጭነት መኪና፣ በሙዝ መሀል በገመድ ታስራ መጣች። ሹፌሩና ረዳቱ አውርደው እየገፉ አስገቧት።

«ሊብሬውስ?» አለ ልጄ። «ቁልፉስ?»

«ሰውዬው ራሱ ያመጣል ብሎኛል» አለ ሹፌሩ፣ ሄደ።

የልጄ ፊት ጠቆረ። እኔ ግን «ልክ ነው፣ ተወው» አልኩት። በአባቴ መንደር፣ በዲምቱ በኩል፣ ከብት ሲሸጥ ገመዱ አብሮ አይሄድም። ገዢ በራሱ ገመድ ይወስዳታል፣ የሻጩ ገመድ ሻጩ ጋ ይቀራል። ከብቷ አዲሱ ቤት በልታ ጠጥታ ስትለምድ ሻጩ ይመጣል፣ ጀርባዋን ዳብሶ ይመርቃል፣ ገመዱንም ያን ጊዜ ይሰጣል። ግብይቱ ያለቀው ያኔ ነው። ይሄ ሰውዬም የዚያው አገር ሰው ነው። ቁልፍና ወረቀት በሹፌር እጅ አይልክም፣ ነውር ነው።

«እማዬ፣ ይቺ እኮ ሞተር ናት» አለ ልጄ። ግን እሱም በዚያ ወግ ያደገ ነውና ብዙ አልተከራከረኝም።

ጠበቅን። ሰውዬው አልመጣም። ሞተሯ አቮካዶው ሥር ቆመች፣ እኔም አጠገቧ በርጩማዬን አደረግሁ። ጠዋት በሩ ይቆለፋል፣ ሁለታችን እንቀራለን። ቁልፍ የላትም፣ አትነሳ። ብትነሳስ ያለ ሊብሬ የሻንቶን መንገድ ትራፊክ ያሳልፋታል? ቅጠል ሲረግፍባት አነሳላታለሁ። አንዷ ዶሮ ወንበሯን ወደደችውና እላዩ ላይ መተኛት ጀመረች። አንዳንዴ እጀታዋን ይዤ ወደ በሩ አያለሁ። በመንገዱ የሚያልፈው ይሰማኛል፦ ባጃጁ፣ የሚኒባሱ ረዳት፣ ወደ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች ሳቅ። ሁሉም የሚሄድበት አለው። እኔ ጉልበቴን፣ እሷ ጎማዋን ይዘን ተቀምጠናል።

ጎረቤቴ ደወለች። «የመጀመሪያው አብቦ አለቀ። ሁለተኛውም ጀምሯል።» ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም።

ልጄ ሲደውል ሰውዬው አያነሳም። ጽሑፍ ላከለት፤ መጀመሪያ በደህና፣ በኋላ በቁጣ። «ለፖሊስ አመለክታለሁ ብዬዋለሁ፣ ከዚያ ወዲህ ስልኩን ዘግቷል» አለኝ። «የተሰረቀች ብትሆንስ? የማናውቀውን ሰው በስልክ አምነን!»

«የሚሰርቅ ድምፅ አይደለም።»

«ድምፅ! እማዬ፣ በድምፅ ነው የገዛናት እኮ!»

ይሄን ብሎ ገባ። እኔ ግቢው ውስጥ ቀረሁ። ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለኝና የልጅ ልጄን ጠራኋት።

«አባትሽ ተላመደች ብሎ ልኮበታል?»

«ምን ብሎ?»

«ከብት ሲሸጥ ገዢው ነው የሚልከው። ‹ተላመደች፣ ና› ይላል። ሳይባል ሻጭ አይመጣም። ሊመልሱብኝ ይሆናል ብሎ ቁጭ ይላል።»

አባቷን ጠየቀችው። አልላከም። ነገሩ የእኔ ወግ ስለሆነ እኔ የላክሁ መስሎት ነው። እኔ ደግሞ ስልኩም ሞተሩም የእሱ ነውና እሱ የላከ መስሎኛል። ገመዱን እንደ ወጉ አስቀርተን፣ የወጉን ሌላ ግማሽ ረስተነው። በዚያ ላይ ፖሊስ!

ፊደል የለየሁት ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ቁጭ እያልኩ ስለሆነ ስልክ ላይ መጻፍ ይዘገይብኛል። ድምፅ መላክ ግን ለእኔ የተሠራ ነገር ነው። የልጅ ልጄ ያዘችልኝና በወላይትኛ ተናገርኩ፦

«ወንድሜ፣ ሞተሯ ደህና ገብታለች። ጥላ ሥር ናት፣ ዝናብ አልነካትም። ዶሮዬ ሳይቀር ወዳታለች። ተላምዳናለችና ና። ልጄ የተናገረውን ተወው፣ ፈርቶ ነው።»

ስልኩ ዝግ እያለ እንዴት ይሰማል ብላ ተከራከረችኝ። ሲከፍተው ይሰማል አልኳት። ወይ ይከፍተዋል ወይ አይከፍተውም። 

ቅዳሜ፣ ሁላችንም ቤት እያለን በሩ ተንኳኳ። ጎልማሳ ሰው ነው፣ ወገቡን ይዞ ነው የሚራመደው። ሊብሬውን በላስቲክ ጠቅልሎ በጉያው ይዟል። ሰላም አለን፣ ለልጄ ግን ቀና ብሎ አላየውም።

«ፖሊስ ሲለኝ፣ በቃ አልተላመደችም፣ ሊመልሷት ነው አልኩ እናቴ። ገንዘቡ ደግሞ ለሕክምናዬ ሄዷል። ከየት አምጥቼ እመልሳለሁ? ስልኬን ዘጋሁ። ስከፍተው ነው ድምፁን የሰማሁት።»

ልጄ ወንበር አመጣለት። «ይቅርታ አድርግልኝ» አለው። ሰውዬውም «አንተ ምን ታደርግ» አለ።

ከዚያ ወደ አቮካዶው ሄደና ዶሮዋን አያት። «እንቁላልም ትጥልባት ጀመር እንዴ? እኔ ጋ እኮ ይሄን ሙያ አልነበራትም!» ዶሮዋን አነሳት፣ መዳፉን ወንበሩ ላይ አድርጎ መረቀ፦ መንገዱ ይቅናሽ፣ የያዘሽ ይክበር፣ ዳገቱ ይቅለልሽ። ሊብሬውን ለልጄ ሰጠ። በጥቁር ክር የታሰረውን ቁልፍ ግን ለእኔ ሰጠኝ፣ የላክሁበት እኔ ነኝና። አንገቴ ላይ አጠለቅሁት።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድን። የልጅ ልጄ ከፊት፣ እኔ ከኋላ እንደ ወንድ ተቀምጬ፣ በነጠላ ወገባችንን አስረን። ትራፊኩ ሊብሬውን ገልጦ አየና እኔን አየ።

«እማማ፣ ወዴት ነው?»

«እንሰቴ ጋ።»

«ይሂዱ፣ ይሂዱ» አለ እየሳቀ።

ከሻንቶ ወደ ላይ ያለውን ዳገት ወፍጮዋ ሞተሬ ሳትቆራረጥ አወጣችን። ጓሮው ግን እንደፈራሁት ነው። ሁለቱ አልቀዋል፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። ግንዳቸውን ዳሰስኩ። ያን ዓመት፣ እነሱን የተከልኩበትን ዓመት አሰብኩ። ጎረቤቴ ከኋላዬ «ቆየሽ» አለች። «ተቆልፎብኝ» አልኳት። ሌሎቹ ግን ልክ ነበሩ፣ አንድ ሳምንት እንኳ የማይጨምሩ ልክ። ቢላዋዬን አሳረፍኩባቸው። ሴቶቹ ማክሰኞ እንጀምር ተባባሉ፣ ያለ እኔ ግን አይጀምሩም። ማደር ስላልተፈቀደልኝ ሳይመሽ ተመለስን። የብረቱ በር ከኋላችን ተዘጋ።

«ማክሰኞማ አይሆንም» አለ ልጄ። «ጉልበትሽ ይረፍ። በሚቀጥለው እሁድ እናያለን።»

እናያለን። ይሄን እሁድ አውቀዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት የእሱ ሞተር እምቢ አለች። መታት፣ መታት፣ ላበው። ገጠር ሰው ቀጥሯል፣ ሰዓቱ ሄዷል። ወደ አቮካዶው መጣ።

«እማዬ፣ የሞተሯን ቁልፍ።»

ከአንገቴ አወጣሁና በአንድ እጄ ያዝኩት። ሌላውን እጄን ባዶውን ዘረጋሁለት።

«ምንድን ነው?»

«የበሩን።»

የልጅ ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እሱ አልሳቀም። እጄን አየው፣ ጉልበቴን አየው።

«ማክሰኞ ነው?»

«ማክሰኞ። አድራለሁ። ተፍቆ እስኪያልቅ እዚያው ነኝ።»

«ብትወድቂስ?»

«እወድቅ ይሆናል። ሴቶቹ አሉ፣ ያነሱኛል።»

የበሩን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ከሞተሯ ቁልፍ ይከብዳል፣ አላውቅም ነበር። ሞተሯን አስነሳት፣ ዶሮዋ እየጮኸች ሸሸች። በሩን ገርበብ አድርጎ ትቶት ወጣ። የልጅ ልጄም ተከትላው ሄደች።

መንገዱ ከበርጩማዬ ይታያል። ሰው ያልፋል፣ ረዳቱ ዲምቱ ይላል። እኔ ግን ያን ቀን የትም አልሄድኩም። ሞተሬ እስክትመለስ ተቀምጬ ጠበቅሁ።