ሞተሩ ዝም ያለኝ ቀን

ስለ መኪና ከጀመርኩ የሚያስቆመኝ የለም። በስልሳ አንድ ዓመቴ ይህን አመሌን አልደብቅም። እነዚህን አዳዲሶቹን መኪኖች አያችኋቸው? ፊታቸው ሁሉ የተቆጣ ነው፤ ማን እንደሰደባቸው እንጃ! መስኮቱን አጥብበው አጥብበው ቀዳዳ አደረጉት። ቁልፍ በነበረበት ቦታ መስታወት ለጥፈው፣ ሙቀት ለመቀነስ መንገዱን ትተህ ጣትህን ስታንሸራትት ትውላለህ። አንዲት አምፖል ለመቀየር ደግሞ ፊቱን በሙሉ መፍታት! እግዜር ያሳያችሁ፣ ይሄ አሠራር ነው?

ለእኔ መኪና ማለት ኮፈኑ ሲከፈት እጅ የሚያስገባ፣ በሩ ሲዘጋ «ድብ» የሚል ነው። ደግሞ አንድ አባባል አለችኝ፤ ሰፈሩ በሙሉ በቃሉ ይወጣታል። «መኪና በእርጅና አይሞትም፤ በባለቤቱ እንጂ።» ይህችን አባባል አንድ ቀን ምን ላይ እንዳዋልኳት ልናገር ነው የተቀመጥኩት።

መካኒክ ሆኜ አላውቅም። እንጀራዬ ማተሚያ ቤት ነበር፤ ሠላሳ አራት ዓመት ቀኝ ጎኔን ለትልቁ ማሽን ሰጥቼ ቆሜያለሁ። ግን ጆሮ ነበረኝ። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ካስደገፍኩ የሆዱን በሽታ አንድ በአንድ እነግርሃለሁ። «ጆሮ» ብለው የሰየሙኝም ለዚህ ነው። በሰፈራችን እኔ ሳልሰማው መኪና የገዛ ሰው የለም።

ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ መሥሪያ ቤቱ የሁላችንንም ጆሮ አስመረመረ። ሐኪሟ ወረቀቱን አየችና «አባቴ፣ ቀኙ አልቋል፤ ግራውም እየተከተለው ነው» አለችኝ። ወረቀቱን አጣጥፌ መሳቢያዬ ውስጥ ከመኪና መጽሔቶቼ ሥር ቀበርኩት። ለሚስቴ እንኳ አልተነፈስኩም። ስሙ «ጆሮ» የሆነ ሰው አልሰማም ብሎ እንዴት ያወራል?

ታናሽ እህቴ መኪና ያስፈለጋት ለቅንጦት አይደለም። ባሏ አስተማሪ ነው፤ ኩላሊቱ ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሄዶ ደሙን በማሽን መታጠብ አለበት። ከእጥበቱ ሲወጣ እግሩ አይታዘዝለትም፤ አውቶቡስ ተጋፍቶ መሳፈር የማይታሰብ ነው። «ወንድምጋሼ፣ አንተ ሰምተህ ደህና ነው ካላልከኝ አልገዛም» አለችኝ።

የሰፈራችን መካኒክ ግቢ ሄድን። ሁለት የሚሸጡ መኪኖች ቆመዋል። አንዱ አዲስ ቢጤ ነው፤ ያው የተቆጣ ፊት። ሌላው አሮጌ ነው፤ ክብ ትከሻ፣ ሰፊ መስታወት፣ እያንዳንዱ ቁልፍ ሲጫኑት «ቀጭ» የሚል። ሳየው ልቤ ቀለጠ። እውነቱን ልናገርና፣ ካቻቢቴውን ሳላነሳ ፈርጄ ነበር። ሞተሩ ተነሳ። እጀታውን እንደ ልማዴ ቀኝ ጆሮዬ ላይ አስደገፍኩ። ሞተሩ ዝም አለኝ። ጭጭ! ችግሩ የጆሮዬ ሊሆን እንደሚችል አልጠፋኝም። እህቴ ግን ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«ጤነኛ ነው» አልኳት። «ገና ልጅ ነው።»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ጋሼ፣ ከታች ትንሽ የሚያንኳኳ አልመሰለዎትም?» አለ።

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጆሮ ያበቀልከው?» ብዬ ጮህኩበት። ግቢው ሁሉ ሳቀ። እሱም አፍሮ ሳቀ። እህቴ አሮጌውን ገዛች።

በአምስተኛው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት እህቴ እየነዳች ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ ድልድይ ላይ ሞተሩ ተሰበረ። ውስጡ ያለው ብረት ሆዱን ቀዶ ወጣ፤ ዘይቱ አስፋልቱ ላይ ተዘረገፈ። ደውላልኝ ስደርስ አስተማሪው ኋላ ወንበር ላይ ተጋድሟል። እሷ መሐል መንገድ ላይ ቆማ በሁለት እጇ መኪና ታስቆማለች። ማን ይቁምላት! የእጥበት ተራው አለፈው። ያን ዕለት ሰውነቱ አብጦ ትንፋሽ አጠረውና አራት ቀን ኦክስጅን ተሰክቶለት ተኛ።

እኔስ እዚያው ድልድዩ ላይ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? «ዘይት አይተሽለታል?» አልኳት።

«በዚህ ሳምንት እንኳን አላየሁም፣ ወንድምጋሼ።»

«ይኸው! መኪና በእርጅና አይሞትም፤ በባለቤቱ እንጂ!»

ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው። ፊቷ አመድ መሰለ።

በማግሥቱ መካኒኩ ሞተሩን ፈታና ለብቻዬ ጠራኝ። «ጋሼ፣ ዘይት ያለቀበት ሞተር ላዩም ይቃጠላል። ይሄ ላዩ ደህና ነው። የቆየ በሽታ ነው፤ ያን ቀን የሰማሁት ነው» አለኝ። «ለእሷ አትንገራት» አልኩት። ይሉኝታ ይዞት እሺ አለኝ። በቃ፣ እንዲህ ነው ያደረግኩት። ፈሪ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ እህቴ መሪ አልያዘችም። ባሏን ደግፋ በኮንትራት ታክሲ ትሄዳለች፤ ታክሲ ሲጠፋ አውቶቡስ ላይ እየተለማመጠች ታስቀምጠዋለች። ቤቷ ስሄድ አያለሁ፤ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ምድጃው ጠፍቷል ወይ ብላ ሦስቴ ትመለሳለች። መድኃኒቱን ሁለቴ፣ ሦስቴ ትቆጥራለች። ድሮ እንዲህ አልነበረችም። እኔን ደግሞ እህል አልወርድ አለኝ። ሚስቴ «ምን ነካህ?» ስትለኝ «ጨጓራዬ ነው» እላለሁ።

መኪናው በተሰበረ በሦስተኛው ወር ዘመድ ተረባርቦ ሌላ መኪና ሊገዛላት ሆነ። መጣች። «አንተ ካልሰማኸው አልገዛም» አለችኝ። «እኔማ አንዱን ገደልኩት።»

እዚያው ግቢ ተመለስን። መካኒኩ ካቻቢቴውን ሲያቀብለኝ ፊቴን አላየም። ሞተሩ ተነሳ። ቀኝ ጆሮዬ ላይ አስደገፍኩ፤ ጭጭ። ወደ ግራ አዛወርኩት፤ ሩቅ እንደሚፈስ ውኃ ነገር ነው። ደህና ነው ብል የሚሳፈርበት ያው የታመመው ባሏ ነው።

«እንካ፣ አንተ ስማው» አልኩት መካኒኩን። «እኔ አልሰማም።»

እህቴ ቀልድ መስሏት ሳቀች።

«አልሰማም አልኩሽ። ያኔም አልሰማሁም» አልኳትና የቀበርኩትን ወረቀት፣ መካኒኩ ያለውን፣ ዝም በል ማለቴን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ድልድዩ ላይ ስትቆጣኝ ታውቅ ነበር?» አለች።

«ጠርጥሬ ነበር። በማግሥቱ አወቅኩ።»

«ሂድና ለእሱ ንገረው። እኔ አልነግርልህም።»

አስተማሪው አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ግራ ጎኔን ወደ እሱ አድርጌ ተቀመጥኩና ነገርኩት። ጣሪያ ጣሪያውን እያየ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አልክ? አልሰማሁህም» አልኩት። ድገምልኝ ብዬ ሰው ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ድምፁን ከፍ አደረገ። «ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ ይቅርታ ትጠይቀኛለች። እኔም በየቀኑ ይቅር ብዬሻለሁ እላታለሁ። ምኑን ነው ይቅር ያልኳት፣ ጋሼ?»



«እሷን ጥራልኝ» አለ።

ወጣሁ። እህቴ ማድ ቤት ምድጃው አጠገብ ቆማለች። «ይጠራሻል» አልኳት። ሳታየኝ አልፋኝ ገባችና በሩን ዘጋችው። እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አንዴ ቀኙን፣ አንዴ ግራውን ጆሮዬን አስደገፍኩ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም።